ቺምፓንዚ ከታላላቆቹ ስለሚማረው ትምህርት

የኢትዮጵያ ልጆች ዝንጀሮን፥ ጦጣን፥ ጉሬዛንና ጭላዳን አይተዋል ወይም ስማቸውን ሰምተዋል። ቺምፓንዚ የሚባለው እንስሳ ግን በኢትዮጵያ ዱር አይገኝም። አገሩ በምዕራብ ከሴኔጋል ጀምሮ በምሥራቅ እስከ ኡጋንዳና እስከ ታንዛኒያ ድረስ ያለው የአፍሪካ ጫካ ነው። ቺምፓንዚ ጅራት የለውም፤ ጠጕሩ ጥቁር ነው፤ በእጁም አምስት ጣቶች ስላሉት እንጨትና ድንጋይ ለመያዝ ይመቸዋል። ልጁም እንደ ሰው ልጅ ቶሎ ራሱን አይችልም። አራት ወይም አምስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ይጠባል፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ከእናቱ አይለይም። ይህን ያህል ዘመን ከእናቱ ጋር መኖሩ ግን ከንቱ አይደለም፤ ያ ዘመን የትምህርቱ ዘመን ነው።

ሸረሪት ድሯን ለማድራት አስተማሪ አያስፈልጋትም። የዶሮ ጫጩትም ከእንቁላል ከወጣች በኋላ ብዙ ሳትቆይ ጥሬ መልቀም ትጀምራለች። እነዚህ ዕውቀታቸውን ከተፈጥሯቸው ጋር ይዘው ይወለዳሉ። ሰዎችም ብዙ ዘመን እንስሳ ሁሉ እንዲሁ ነው ብለው ያስቡ ነበር። ነገር ግን ሊቃውንት በጫካ ተቀምጠው ቺምፓንዚን በትዕግሥት በተመለከቱ ጊዜ፥ ይህ እንስሳ ከሚያውቀው ነገር ብዙውን አይቶ እንደሚማረው እንጂ ይዞት እንደማይወለድ ተረዱ። ይህንንም እንዴት እንደ ተረዱት ከዚህ ቀጥሎ ይነገራል። የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ምስጥን በሣር ስለ ማጥመድ

በ1960 በሐምሌ ወር ወይዘሪት ጄን ጉዶል የተባሉ የ26 ዓመት እንግሊዛዊት ወደ ጎምቤ ጫካ ሄዱ። ጎምቤ በታንጋኒካ ሐይቅ ዳር ያለ ተራራማ ስፍራ ነው፤ አገሩም ዛሬ ታንዛኒያ ይባላል። ወደዚያ የላኳቸው ሉዊስ ሊኪ የተባሉ፥ የጥንት ሰዎችን አጥንትና መሣሪያ ሲመረምሩ የኖሩ ሊቅ ነበሩ። ቺምፓንዚዎቹ በመጀመሪያ ወይዘሪቷን ባዩ ጊዜ ሁሉ ይሸሹ ነበር። እርሳቸው ግን አልታከቱም፤ ከኮረብታ ላይ ተቀምጠው ከሩቅ ይመለከቷቸው ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፥ እንስሶቹ ከብዙ ወራት በኋላ ለመዱና መሸሽን ተዉ።

ያው ዓመት ሳይፈጸም ወይዘሪቷ አንድ ወንድ ቺምፓንዚ በኩይሳ አጠገብ ተቀምጦ አዩ። ጢሙ የሸበተ ስለ ሆነ ኋላ ዴቪድ ባለ ሽበቱ ተብሎ ተጠራ። ይህ ቺምፓንዚ ቀጭን የሣር አገዳ ይዞ በኩይሳው ቀዳዳ ውስጥ በቀስታ ያስገባ ነበር። በውስጥ ያሉት ምስጦች ጠላት የመጣባቸው መስሏቸው አገዳውን ሲነክሱት፥ እርሱ ቀስ ብሎ ይስበውና የተጣበቁትን ምስጦች በከንፈሩ ለቅሞ ይበላ ነበር። ሌላ ጊዜም ቺምፓንዚዎች ቅጠል ያለበትን ጭራሮ ቆርጠው ቅጠሉን ሲመለምሉና ለዚሁ ሥራ ሲያዘጋጁት ታዩ። እስከዚያ ዘመን ድረስ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ብቻ ነው ይባል ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን እንዲህ ማለት አልተቻለም። ጄን ጉዶልም በዓለም ሁሉ የታወቁ ሊቅ ሆነው በ2025 በ91 ዓመታቸው ዐረፉ።

ምስጥ ማጥመድ ለሚያየው ቀላል ይመስላል፤ ለሚሠራው ግን ቀላል አይደለም። አገዳው ወፍራም ቢሆን ቀዳዳው ውስጥ አይገባም፤ ለስላሳ ቢሆን ይታጠፋል፤ በችኮላ ቢስቡት ምስጦቹ ይረግፋሉ። የቺምፓንዚ ልጅ ይህን ሁሉ የሚማረው በእናቱ አጠገብ ተቀምጦ እጇን በመመልከት ነው።

በጎምቤ ይህን ትምህርት የመረመሩ ሊቃውንት በ2004 አንድ የሚያስገርም ነገር ገለጡ። ሴቶቹ ልጆች እናታቸው ስታጠምድ ዐይናቸውን ከእጇ አይነቅሉም ነበር። ወንዶቹ ግን ብዙውን ጊዜ እናታቸውን ትተው በኩይሳው ዙሪያ ይጫወቱና ይንከባለሉ ነበር። ስለዚህ ሴቶቹ በሁለት ዓመት ከመንፈቅ ዕድሜ ገደማ ማጥመድ ሲችሉ፥ ወንዶቹ ከእነርሱ ከሁለት ዓመት በላይ ዘገዩ። ደግሞም ሴቶቹ ልጆች አገዳውን ወደ ቀዳዳው የሚያስገቡበት ጥልቀት ከእናታቸው አሠራር ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። እናቲቱ ለሴት ልጇ የተለየ ትምህርት አልሰጠችም፤ አስተማሪዋ አንዲት፥ ኩይሳውም አንድ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው የተማሪው ዐይን ነው። ወንዶቹም ቢሆኑ ዘግይተው ይማራሉ እንጂ አእምሮ አላነሳቸውም፤ ያሳለፉትን ጊዜ ግን ማንም አልመለሰላቸውም።

በኮንጎ ሪፑብሊክ ጓሉጎ በሚባል ጫካ ደግሞ ሊቃውንት የእናትን ቸርነት አዩ። በዚያ ያሉት እናቶች የሚያጠምዱበትን እንጨት ለልጃቸው ይሰጣሉ። አንዳንዲቱም እናት አንዱን እንጨት ለሁለት ሰንጥቃ እኩሌታውን ለልጇ ትሰጣለች። መሣሪያዋን በሰጠች ጊዜ የእናቲቱ ምግብ ይጎድላል፤ የልጁ ትምህርት ግን ይጨምራል። ይህም ነገር በ2016 ተጽፎ ታወቀ።

ፍሬን በድንጋይ ስለ መስበር

በምዕራብ አፍሪካ የሚኖሩ ቺምፓንዚዎች ከምስጥ ማጥመድ የሚበልጥ ከባድ ሥራ ያውቃሉ። ይኸውም ቅርፊቱ የጠነከረውን ፍሬ በድንጋይ መስበር ነው። በአይቮሪኮስት አገር ታይ በሚባል ጫካ፥ በጊኒም አገር ቦሱ በሚባል መንደር አጠገብ ያሉት በዚህ ሙያ የታወቁ ናቸው። አንዱን ድንጋይ እንደ መስፍ በመሬት ያኖራሉ፤ ፍሬውን በላዩ ያስቀምጣሉ፤ ሁለተኛውን ድንጋይ እንደ መዶሻ ይዘው ይመቱታል። በታይ ጫካ የዛፍ ሥር በመስፍ ፈንታ፥ ወፍራም እንጨትም በመዶሻ ፈንታ ያገለግላል። ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ አስኳሉን አውጥተው ይበላሉ። በኃይል የሚመታ አስኳሉን ያደቀዋል፤ በድካም የሚመታም ቅርፊቱን አይሰብረውም።

ትንሹ የቺምፓንዚ ልጅ ይህን ሥራ በአንድ ቀን አይማረውም። በመጀመሪያው ዓመት ፍሬውን ወይም ድንጋዩን በእጁ ያገላብጣል እንጂ አንዱን ከሌላው ጋር አያገናኝም። ኋላም ፍሬውን በድንጋይ ላይ ያኖርና በመዶሻ ፈንታ በባዶ እጁ ይመታዋል። አንዳንድ ጊዜም ፍሬ ሳይኖር ድንጋዩን በድንጋይ ላይ ይደራርባል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንዲት አስኳል እንኳ አያገኝም፤ ቢሆንም አይተውም። ታላላቆቹ ሲሠሩ ፊቱን አስጠግቶ ይመለከታል፤ እነርሱም አያባርሩትም፤ ከሰበሩትም ፍሬ ቢወስድባቸው ይታገሡታል። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜው አንድ ቀን ሦስቱን ነገሮች፥ ማለት መስፉን፥ ፍሬውንና መዶሻውን በተራቸው ያስተካክላቸዋል፤ ያን ጊዜ ፍሬው ይሰበራል። ጎበዝ ባለሙያ ለመሆን ግን ገና ብዙ ዓመት መልመድ አለበት። በቦሱ በልጅነታቸው ሳይማሩት ያለፉ ጥቂቶች ካደጉ በኋላ ሳይችሉት ቀርተዋል።

ይህ ሙያ ከተፈጥሮ የመጣ አለመሆኑ በምን ይታወቃል? በአይቮሪኮስት ሳሳንድራ የሚባል ትልቅ ወንዝ አለ። ከወንዙ በስተ ምዕራብ ያሉት ቺምፓንዚዎች ፍሬ ሲሰብሩ፥ በስተ ምሥራቅ ያሉት አይሰብሩም። በምሥራቁ ወገን ፍሬው ሞልቷል፤ ድንጋዩም እንጨቱም አለ። የጎደለው የሚያሳይ ብቻ ነው። እንደዚሁም በጊኒ አገር ከቦሱ ጥቂት ኪሎሜትር ርቀው በኒምባ ተራራ የሚኖሩ ቺምፓንዚዎች አሉ። ሊቃውንት በእነዚህ ፊት ፍሬና ድንጋይ አኖሩላቸው፤ መጥተውም አዩ፤ ነገር ግን ከእነርሱ አንድ ስንኳ ፍሬ የሰበረ አልተገኘም። ይህም በ2022 ተገለጠ። እንግዲህ ፍሬና ድንጋይ በአንድ ስፍራ ቢገኙም፥ የሚያውቅ ታላቅ ከሌለ ዕውቀቱ እንዲሁ በቀላሉ አይገኝም።

የታይ ቺምፓንዚዎች ይህን ሙያ ከመቼ ጀምሮ ያውቁታል? የምድርን ሥር የሚቆፍሩ ሊቃውንት በዚያ ጫካ ከመሬት በታች ቺምፓንዚዎች ፍሬ የሰበሩባቸውን ድንጋዮች አገኙ፤ ዕድሜያቸውም ወደ 4,300 ዓመት እንደሚደርስ በ2007 አስታወቁ። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ልጅ ከእናቱ፥ እናቲቱም ከእናቷ እያዩ ሙያውን ተቀባበሉት። መጽሐፍ የላቸውም፤ ፊደል አያውቁም፤ ዕውቀታቸው የሚቀመጥበት ስፍራ የታላላቆቻቸው እጅና የታናናሾቻቸው ዐይን ብቻ ነው።

በ1999 ሊቃውንት በአፍሪካ ልዩ ልዩ ስፍራ ያዩትን በአንድነት ሰብስበው ሲያመሳክሩ፥ በአንዱ ስፍራ የተለመዱ በሌላው ግን የማይታወቁ 39 ዓይነት ልማዶች አገኙ። በአንዱ ጫካ እንዲህ ይደረጋል፥ በሌላው ጫካ ግን አይደረግም፤ ልክ የሰው አገር ከአገር በልማድ እንደሚለያይ።

አዲስ ነገር ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚያልፍ

ልማድ ሁሉ ሲጀመር ከአንድ ነው። በኡጋንዳ ቡዶንጎ በሚባል ጫካ ቺምፓንዚዎች ቅጠል አላምጠው እንደ ሰፍነግ በውኃ ይነክሩትና ውኃውን ይመጡታል። በ2011 በኅዳር ወር የቡድኑ አለቃ የነበረው ወንድ ቺምፓንዚ በቅጠል ፈንታ በእርጥብ ግንድ ላይ የሚበቅለውን ለስላሳ አረንጓዴ ነገር ወስዶ ሰፍነግ ሠራ። በአጠገቡ የነበረች ትልቅ ሴት ቺምፓንዚ ይህን አይታ እርሷም እንዲሁ አደረገች። ከዚያ በኋላ በስድስት ቀን ውስጥ ሌሎችም ያንኑ ሠሩ። ከእነርሱም የሚበዙት አስቀድመው ሌላው ሲሠራ ያዩ ነበሩ።

ነገር ግን ሁልጊዜ የሚጠቅመው ነገር ብቻ አይወረስም። በዛምቢያ ቺምፉንሺ በሚባል የእንስሳት መጠጊያ ጁሊ የምትባል ሴት ቺምፓንዚ ነበረች። ጁሊ የሣር ቅጠል መርጣ በጆሮዋ ውስጥ ትሰካና እንደ ጌጥ ተንጠልጥሎ ይተወው ነበር። ሣሩ ምግብ አይሆንም፤ ሕመም አያድንም፤ ጥቅም አልተገኘለትም። ቢሆንም በቡድኗ ካሉት 12 ቺምፓንዚዎች እርሷን ጨምሮ 8ቱ ይህን ልማድ ያዙ። ጁሊ ከሞተች በኋላም ከእነርሱ አንዳንዶቹ በጆሮአቸው ሣር መሰካትን አልተዉም። ይህም በ2014 ተጻፈ። አንዲቱ የጀመረችው ከንቱ ነገር ጀማሪዋ ሞታ እንኳ ኖረ።

የቺምፓንዚና የሰው ልጅ በመምሰል ስለሚለያዩበት

በ2005 ሁለት ሊቃውንት በኡጋንዳ በንጋምባ ደሴት ለወጣት ቺምፓንዚዎች አንድ ሣጥን አሳዩ። ሣጥኑ በላዩ አንድ ቀዳዳ፥ በፊቱም ሌላ ቀዳዳ ነበረው። ምግቡ የሚገኘው በፊት ባለው ቀዳዳ ብቻ ነው። የሚያሳየው ሰው ግን አስቀድሞ በላይኛው ቀዳዳ በዱላ ይመታ ነበር፤ ይህም ምንም አይጠቅምም። ሣጥኑ ውስጡ የማይታይ በሆነ ጊዜ ቺምፓንዚዎቹ ያዩትን ሁሉ አደረጉ፤ የላዩንም የፊቱንም። ሣጥኑ እንደ መስተዋት ውስጡ የሚታይ በሆነ ጊዜ ግን፥ የላይኛው ቀዳዳ ወደ ምግቡ እንደማያደርስ አይተው ያንን ተዉና የሚጠቅመውን ብቻ አደረጉ።

ይኸው ሣጥን ሦስትና አራት ዓመት ለሆናቸው የሰው ልጆች ታየ። ልጆቹ ግን ሣጥኑ ውስጡ ቢታይም ባይታይም ያዩትን ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ አደረጉ፤ የማይጠቅመውንም ጭምር። ታዲያ ቺምፓንዚ ከሰው ልጅ ይበልጥ ያስተውላልን? አይደለም። የሰው ልጅ ታላቁን ያምናል፤ ታላቁ የሠራው ሥራ ምክንያቱ ባይታየውም ምክንያት እንደሚኖረው ያስባል። ይህም እምነት ትልቅ ሀብት ነው። ፊደል የሚቆጥር ልጅ «ሀ»ን ስለ ምን እንዲህ አድርጎ እንደሚጽፍ አያውቅም፤ መምህሩን አምኖ ይጽፋል፤ ኋላም ማንበብ ሲችል ጥቅሙን ያገኘዋል። ሸማኔም ሐኪምም ገበሬም ሙያቸውን የተማሩት መጀመሪያ እንደ ታዘዙት በማድረግ፥ ምክንያቱንም በኋላ በማወቅ ነው። ስለዚህ የሰው ዕውቀት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ እየበዛ ሄደ።

ነገር ግን ይኸው ሀብት አደጋም አለው። ያየውን ሁሉ የሚያደርግ ልጅ በጎውን እንደሚወርስ ክፉውንም ይወርሳል። ታላቅ ወንድሙ ሲሳደብ የሰማ ልጅ ስድብን፥ እናቱ እንግዳ ስትቀበል ያየ ልጅም እንግዳ መቀበልን ይማራል። ሁለቱንም ማንም ተቀምጦ አላስተማረውም። ሕፃን ሳለ ለይቶ አያውቅምና የሚያየውን የሚመርጡለት ታላላቆቹ ናቸው፤ አእምሮው ሲበስል ግን ውስጡን በሚያሳየው ሣጥን ፊት እንደ ቆሙት ቺምፓንዚዎች ውስጡን አይቶ የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው መለየት የራሱ ሥራ ነው።

ዕውቀት እንዴት እንደሚጠፋ

በቦሱ ያለው የቺምፓንዚ ቡድን ትንሽ ነበር፤ ሃያ ያህል ብቻ ነበሩ። በ2003 የሳል በሽታ ገባባቸውና አምስቱ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው እያነሰ ሄደ። በዙሪያቸው እርሻና መንደር ስላለ ከሌላ ጫካ የሚመጣ አዲስ ቺምፓንዚ አልተገኘም። እንዲህ ባለው ቡድን አንዲት ባለሙያ እናት ስትሞት የሚጎድለው አንድ ነፍስ ብቻ አይደለም፤ ድንጋይ የምትይዝበት ብልሃትም ከእርሷ ጋር ይቀበራል። ጫካው ቢቀር፥ ፍሬውም ቢረግፍ፥ ድንጋዩም በስፍራው ቢኖር፥ የሚያሳይ እጅ ከሌለ የሚያይ ዐይን ምንም አያገኝም።

በ2019 ብዙ ሊቃውንት የ144 ቺምፓንዚ ቡድኖችን ልማድ መርምረው፥ ሰው ጫካውን በመነጠረበትና ሰላማቸውን በነሣበት ስፍራ ልማዳቸው እጅግ ማነሱን አስታወቁ። ጫካ ሲጠፋ ዛፍ ብቻ አይጠፋም፤ በዛፉ ሥር ይሰጥ የነበረውም ትምህርት ይጠፋል።

ለሰውም ነገሩ እንዲሁ ነው። ሸክላ ሠሪ እናት ሙያዋን ለልጇ ሳታሳይ ብትሞት፥ ጭቃው በወንዙ ዳር ይቀራል፤ ጋን የሚሠራ ግን አይገኝም። የብዙ ዘመን ዕውቀት ለመጥፋት ሺህ ዓመት አያስፈልገውም፤ አንድ ትውልድ ሳይመለከት ቢያልፍ ይበቃዋል።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ከዚህ እንስሳ ሁለት ነገር ተማሩ። አንደኛው፥ የሚያውቅ ሰው ሲሠራ ባያችሁ ጊዜ አጠገቡ ተቀመጡ፤ እጁንም ተመልከቱ፤ በመጀመሪያ ቀን፥ በመጀመሪያም ዓመት ፍሬው ባይሰበርላችሁ ድንጋዩን አትጣሉ። ሁለተኛው፥ ከእናንተ የሚያንሱ ሕፃናት በየቤታችሁ አሉ፤ እናንተ ሳታውቁ ዐይናቸው በእናንተ ላይ ነው። የምታደርጉትን ያደርጋሉ፤ የምትናገሩትን ይናገራሉ። ስለዚህ ታናሽ ወንድማችሁ ወይም እኅታችሁ ሲያድጉ ሲያደርጉት ልታዩት የማትወዱትን ነገር ዛሬ በፊታቸው አታድርጉት።